«ኦል ራይት?» ሲሉህ አትደንግጥ

እንግሊዝ በገባሁ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ሲያየኝ «ኦል ራይት?» (ደህና ነህ?) አለኝ። ፊቴ ላይ ሕመም ያየብኝ መሰለኝ። ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳኝ፣ ራሴን እንደሚያመኝ መዘርዘር ጀመርኩ። ሰውዬው ለካ አልፎኝ ሄዷል።

ከሰሜን ሸዋ ለመጣህ ወንድሜ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። መንዝ ላይ «እንደምን አደራችሁ? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና?» ሲባል የታመመውም «እግዜር ይመስገን» ነው የሚለው። ዝርዝሩ የሚመጣው ቁጭ ከተባለ በኋላ ነው። የእንግሊዞቹም ያው ነው፣ አጠረ እንጂ። «ኦል ራይት?» ላለህ «ኦል ራይት» ብለህ እለፍ። በቃ።

ቀጥሎ ያለው ወሬ የአየሩ ነገር ነው። ፌርማታ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ሱፐርማርኬት ሒሳብ ስትከፍል። «ዛሬ ይበርዳል አይደል?» ካሉህ ተስማማ። እኔ አንዴ «ይሄማ ምን ብርድ ነው!» ብዬ ተከራክሬ ወሬው እዚያው ሞተ። ይልቅ ስለ አገርህ ብርድ አውራ። አፍሪካ ሁሉ በረሃ የሚመስለው ሰው እዚህ ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ እንደማታንስ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው አመዳይ ለብሶ እንደሚያድር፣ መንዜው ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና እንደሚደርብ ንገራቸው። ከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ እንዳላትም ጨምርበት፤ ይስቃሉ። እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች ቤትህ ተቀምጠህ በእንግሊዝኛ ተለማመዳቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችበትን የአፄ ዘርዓ ያዕቆብን የሰማይ ብርሃን ታሪክ ግን ለሻይ ሰዓት አቆየው፣ ለፌርማታ ይረዝማል።

ደሞዝ፣ ዕድሜ፣ «ለምን አልወለድሽም» የሚባሉትን ተዋቸው። «ወፈርሽ» ደግሞ አገር ቤት እንደ ምርቃት ነው፣ እዚህ ያስኮርፋል።

እኛን የሚጥለን ግን ይሉኝታው ነው። ያልገባንን ሁሉ ራሳችንን እየነቀነቅን «የስ፣ የስ» እንላለን። እኔ እንዲህ ብዬ አንድ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ሠርቻለሁ። ለካ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የጠየቀኝ «እሑድ በእኔ ፈንታ ትገባልኛለህ?» ብሎ ኖሯል። «ሶሪ?» ብሎ ማስደገም እዚህ ነውር አይደለም። አሁንም ካልገባህ ቀስ ብሎ እንዲናገር ለምነው። ሦስተኛው ላይ ሳቅ በልና ወደ ብርዱ ወሬ ተመለስ።