ዓሣዎቹ ገንዳው ውስጥ እያሉ አሞኒያውን ያወረድኩበት መንገድ

60 ሊትር የሚይዝ አዲስ የመስታወት ገንዳ ውስጥ 4 ዜብራ ዳኒዮ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች ካስገባሁ በአምስተኛው ቀን ውሃው እንደ አጥሚት ደፈረሰ፤ ዓሣዎቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ኤፒአይ በሚባለው ድርጅት የጠብታ መመርመሪያ ስለካው አሞኒያው (ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው መርዝ) 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ)፣ ናይትራይቱ (አሞኒያው ሲቀየር የሚመጣው ሌላ መርዝ) ዜሮ።

መጀመሪያ ውሃውን በሙሉ ቀየርኩ፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ፈትጌ አጠብኩት። በሁለት ቀን ውስጥ አሞኒያው ተመልሶ እዚያው። የቧንቧው ውሃ ክሎር ገና መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ሳይገድላቸው አልቀረም፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። የሚኖሩትም በብዛት ስፖንጁ ላይ እንጂ ውሃው ውስጥ አይደለም።

መፍትሔ የሆነኝ ይኼ ነው፦ ዓሣ ከሚያረባ ጎረቤቴ ወራት ካገለገለ ማጣሪያ ላይ ቁራጭ ስፖንጅ ለመንኩ። ቡናማ፣ የሚያሟልጭ፣ አፈር አፈር የሚሸት ነበር። ሳላጥበው፣ ሳይደርቅም ከእኔው ስፖንጅ ጎን ወሸቅኩት። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ አደረግኩ። በየቀኑ እየለካሁ፣ አሞኒያና ናይትራይት ተደምረው ከ0.5 ሲያልፉ ግማሹን ውሃ ቀድቼ ክሎር ማጥፊያ በጨመርኩበት ውሃ ተካሁ።

በ16ኛው ቀን ሁለቱም ዜሮ፣ ናይትሬቱ 20። አራቱም ዓሣዎች ተርፈዋል። ስፖንጁን አሁን የማልበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ብቻ ነው።