አሮጌ ቤንች ድሪል (የጠረጴዛ መብሻ ማሽን) ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዝገቱ መፍረድ። ከጋራዥ ጥግ ወይም ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ የተገኘ ድሪል የጎንደር ክረምት ሲዘንብበት ከርሞ ቢዝግ አይደንግጡ፤ የላይ ዝገት ይለቃል። መታየት ያለበት ስፒንድሉ (መብሻውን ይዞ የሚዞረው ዘንግ) ነው። እስከ ታች ያውርዱትና ወደ ጎን ይወዝውዙት። ያለቀ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ ስፒንድሉን ይዞ የሚወርደው ቱቦ በጊዛው (በማሽኑ የብረት አካል) ውስጥ ከላላ ግን ቶርኖ ቤት ሳይገባ አይድንም። ቀጥሎ ቻኩን (መብሻውን የሚነክሰውን መንጋጋ) አውልቀው ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ውልውል የሚለካውን ባለ መርፌ መሣሪያ) ቻኩ የተሰካበት ሾጣጣ ላይ ያሳርፉ፣ በእጅ ያዙሩ። ኩሽኔታው ደህና ሆኖ ከ0.1 ሚ.ሜ በላይ ከዋለለ ስፒንድሉ ጎብጧል፤ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት። ቻኩ ላይ መለካት ያሳስታል፣ ጠማማው ቻኩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የሞተሩን ታርጋ ሳያነቡ መሰካት። የድሮ የአሜሪካ ሞተር ብዙውን ጊዜ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም፤ በደቂቃ 1725 ይዞር የነበረው ወደ 1425 ይወርዳል፣ ከልክ በላይም ይግላል። ባለ 220 ቮልት፣ 0.37 ኪሎዋት፣ 1400 ዙር ሞተር መግዛቱ ይሻላል። እዚህ ላይ የሚረሳው የዘንጉ ውፍረት ነው፦ የዚህ ልክ ሞተር ዘንግ በአብዛኛው 14 ሚ.ሜ ሲሆን የአሜሪካው ፑሌጃ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 15.9 ሚ.ሜ ነው። ልዩነቱን በላሜራ ቁራጭ መሙላት የብዙዎች ብልሃት ነው፤ ፑሌጃው ይዋልላል፣ ቺንጋው ይንቀጠቀጣል። ቡሽ (ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት) ያስቀርጹ። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ሆኖ ታርጋው 220/380 ካለ ግን አይጣሉት፤ ከቤት መስመር 220 ተቀብሎ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ይግዙና ሞተሩን በዴልታ (የሦስቱ ጥቅሎች ጫፎች ሦስት ማዕዘን ሠርተው በሚያያዙበት መንገድ) ያገናኙ። የድሮው ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ባለ ሦስት ይቀይሩ፣ አርዱን (የመሬት ሽቦውን) ከጊዛው አካል ጋር በቡሎን ይሰሩ።

ቻኩን በመዶሻ መንቀል። ምቱ በኩሽኔታው ኳሶች በኩል ያልፋል፣ ቀለበቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ከዚያ ማሽኑ ሲዞር ያጉረመርማል። ቻኩ የተሰካው በሞርስ ሾጣጣ (ያለ ጥርስ፣ በመጥበቅ ብቻ በሚይዝ) ከሆነ በቱቦው ጎን ቀዳዳ አለው፤ ጠፍጣፋ ሽብልቅ አስገብተው ቀስ ብለው መታ ያድርጉ። አንዳንዱ የድሮ ድሪል ከቻኩ በላይ ባለ ጥርስ ቀለበት አለው፣ እሱ በቁልፍ ሲፈታ ቻኩን ገፍቶ ያወጣዋል።

ስፒንድሉን ወደ ላይ የሚመልሰውን ስፕሪንግ ዝም ብሎ መፍታት። ተጠምጥሞ የተወጠረ ነው፣ ጣት ይቆርጣል። ጓንት ያድርጉ፣ ክዳኑን በፒንሳ ይዘው ቀስ በቀስ ይልቀቁት፣ ስንት ዙር እንደተፈታ ይጻፉ።

አዲሱን ኩሽኔታ በውጭው ቀለበት መምታት። ዘንግ ላይ ሲያስገቡ ኃይሉ የውስጡን ቀለበት ብቻ በሚነካ ቧንቧ ይሁን። ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ በካሊፐር ይለኩ፦ 17 በ40 በ12 ሚ.ሜ ከሆነ 6203 ነው።

ጠረጴዛውንና አምዱን በግራይንደር መላጥ። የተስተካከለው ገጽ ይጎደጉዳል። ነጭ ጋዝና ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል፣ ወዲያው ዘይት ይቀቡ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት። በሐምሌ እርጥበትም አዲስ ቀለም አይቀቡ፤ ጥቅምት እስኪገባ ቢጠብቁ ይሻላል።

ቺንጋውን ማክረር። በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ።