መብራት እንዳይሄድ፦ ቴክሳስ የሠራቻቸው ስህተቶች

ዳላስ የሚኖሩ አበሾች "መብራት ሄደ" የሚለውን ቃል አገር ቤት ጥለውት የመጡ መስሏቸው ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ግን እዚያው ደረሰባቸው። ቴክሳስን በረዶ መታት። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለሙ። ግዛቲቱ ራሷ የቆጠረችው ሟች 246 ነው። ያውም የተፈጥሮ ጋዝ በሞላባት ምድር!

ግሪድ፣ ማለትም ማመንጫዎችንና ተጠቃሚዎችን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ መረብ፣ ሚዛን ነው። የሚመነጨውና የሚበላው ኃይል በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። ሚዛኑን የሚያሳየው ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ መለኪያው ሄርዝ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ልኩ 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 50። ፌብሩዋሪ 15 ሌሊት የቴክሳሱ ወደ 59.3 ወረደ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ከ59.4 በታች 9 ደቂቃ ቢቆይ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን አንድ በአንድ ከግሪዱ መውጣት ይጀምሩ ነበር። 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲቀረው ተረፈ።

የመጀመሪያው ስህተት "እንዲህ ያለ ብርድ አይደገምም" ማለት ነው። በ2011ም ብርድ ማመንጫዎችን አቁሞ ነበር። ያኔ ቱቦና መሣሪያ ከብርድ ይከለል የሚል ምክር ተሰጠ፤ ምክር ሆኖ ቀረ። ቴክሳስ ውስጥ ማመንጫ የሚከፈለው ለሸጠው ኃይል እንጂ ተዘጋጅቶ ለመጠበቁ አይደለም። በአስር ዓመት አንዴ ለሚመጣ ብርድ ገንዘቡን የሚያወጣ ከተፎካካሪው ይልቅ ይከስር ነበር። ነጋዴውን ብዙም አልወቅስም። ግዴታ ያላደረገውን ሕግ አውጪ እወቅሳለሁ።

ሁለተኛው፣ አንዱን መርጦ መክሰስ። ወዲያው "የንፋስ ኃይል ነው ያስጨለመን" ተባለ። በንፋስ የሚዞሩ ተርባይኖች በረዶ ይዟቸው መቆማቸው እውነት ነው። ትልቁ ጉድለት ግን የመጣው በጋዝ ከሚሠሩት ማመንጫዎች ነው። የድንጋይ ከሰልም ቆሟል፤ አንድ የኒውክሌር ማመንጫ እንኳ ወጥቷል። ተርባይን በስዊድን ብርድ ይሠራል፣ ከተዘጋጀ።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው። ጋዙን ወደ ማመንጫ ከሚገፉት ማሽኖች ብዙ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። ብዙዎቹ ባለቤቶች ግን "መብራታችን እንዳይቋረጥ" ብለው አልተመዘገቡም። ግሪዱን ለማዳን 20,000 ሜጋዋት ከተጠቃሚው ሲቆረጥ የእነሱም አብሮ ተቆረጠ። ጋዝ አነሰ፤ ጋዝ ሲያንስ ማመንጫ ቆመ፤ ማመንጫ ሲቆም ሌላ ሰፈር ጠፋ። አንድ ፎርም ባለመሞላቱ! ጋዝና መብራት የተለያየ መሥሪያ ቤት ይቆጣጠራቸው ይሆናል፤ አንዱ ሲወድቅ ግን ሌላውን ይዞ ነው።

"ዋጋ ይጨምር፣ ኃይሉ ራሱ ይመጣል" የሚለውም አልሠራም። አንድ ሜጋዋት ሰዓት (1,000 ኪሎዋት ሰዓት) 9,000 ዶላር ገባ፤ ለቀናትም እዚያው ቆየ። የበረደ ማመንጫ ግን ገንዘብ ስላየ አይነሳም። ዋጋቸው ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ውል የፈረሙ ቤተሰቦች የሺዎች ዶላር ቢል ደረሳቸው።

የቴክሳስ ግሪድ ከጎረቤት ግዛቶች ግሪድ በአብዛኛው መነጠሉም አለ። በቴክሳስ ምዕራብ ጫፍ ያለችው ኤል ፓሶ ከተማ ግን ከምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች ግሪድ ጋር ስለተሳሰረችና ከ2011 ስለተማረች እምብዛም አልተነካችም። (ጎረቤትም በርዶት ነበርና ገመድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።)

የመጨረሻው የፈረቃው ነገር ነው። በፈረቃ ይጠፋል ተብሎ ነበር፤ አልተፈራረቀም። ሆስፒታል ያለበት መስመር አይነካም። የቀሩት ደግሞ ሁሉም ጠፍተው ስለነበር ተራ የሚለዋወጥ አልተገኘም። መስመሮቹን አስቀድሞ በትንንሹ መከፋፈል፣ ሆስፒታሉን ለብቻው ማስቀረት ይቻል ነበር። ይህ ስላልተደረገ ሰው ቤቱ ውስጥ ለቀናት ሲንቀጠቀጥ፣ ማንም የሌለባቸው የመሃል ከተማ ፎቆች ሲያበሩ አደሩ።