የመሥሪያ ቤታችሁ አይቲ አካባቢን ምን ያህል ይጎዳል? ራሳችሁ እንዴት እንደምትለኩት

አንድ ምሽት የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ቆይቼ ነበር። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ገብቷል። የኮሪደሩ መብራት ጠፍቷል። ቢሮዎቹ ግን አልጨለሙም። በየጠረጴዛው ስክሪን ያበራል። ጥግ ላይ ያለው ትልቅ ፕሪንተር ስነካው ሞቅ ብሎ ነበር። የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማል። በማግሥቱ የአይቲ ክፍሉን ኃላፊ «ይኼ ሁሉ በዓመት ስንት ኤሌክትሪክ ይበላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬ የጠየቀን የለም» አሉኝ።

ጥያቄው ግን መልስ አለው። መልሱን ለማግኘት የግድ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም። አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥና ሶኬት ላይ የሚሰካ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይበቃል። ከአይቲ፣ ከንብረት፣ ከግዥና ከሕንፃ አስተዳደር አንዳንድ ሰው አሰባስቡ። ጥቂት ሳምንት ስጡት።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። የቢሮ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊትና ከተነቀለ በኋላ ነው። የመብራት ሒሳብ ብቻ የሚያይ ግምገማ ትልቁን ነገር አልፎት ይሄዳል።

1. ወሰኑን አስምሩ

የትኛውን ዓመት? የትኞቹን ሕንፃዎች? ቅርንጫፎችም ይገባሉ? ሠራተኛው ቤቱ የሚወስደው ላፕቶፕስ? የተከራያችሁት ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምትጠቀሙበት የሌላ ድርጅት ሰርቨርስ? እነዚህን በአንድ ገጽ ጻፉና የበላይ ኃላፊ ይፈርምበት። ካልተፈረመ፣ ኋላ ላይ «ይኼ የእኛ አይደለም» የሚል ክርክር ይመጣል።

የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት ለመመደብ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ነው። የድርጅቶች መመሪያው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ልቀትን በሦስት ይከፍላል። አንደኛው እናንተው በቀጥታ የምትለቁት ነው። የጄኔሬተር ነዳጅና ከማቀዝቀዣ የሚያመልጥ ጋዝ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው የምትገዙት ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው የቀረው ሁሉ ነው፤ የዕቃው መመረት፣ መጓጓዝ፣ ክላውዱ፣ ቆሻሻው። ለአይቲ ሦስተኛውን መተው ማለት ግምገማውን መተው ማለት ነው።

2. የንብረት መዝገቡን ይዛችሁ በእግር ዙሩ

ጊዜያችሁን አብዝታችሁ የምታጠፉበት እዚህ ነው፤ ማጥፋታችሁም ተገቢ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሌላ፣ መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። ሁለት ሆናችሁ ዙሩ፤ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ዕቃውን ያግኝ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነቱን፣ ሞዴሉን፣ የተገዛበትን ዓመት፣ ያለበትን ክፍልና ማን እንደሚጠቀምበት መዝግቡ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ጨምሩ፦ «አሁን በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ሰው እየሠራበት ነው?»

ኮምፒውተር ላይ ብቻ አትቁሙ። የኔትወርክ ስዊቾችና ራውተሮች፣ ዋይፋይ ማሠራጫዎች፣ የጠረጴዛ ስልኮች፣ የደኅንነት ካሜራዎች፣ ፕሮጀክተሮች፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጡ ዩፒኤሶችና ባትሪዎቻቸው ይቆጠሩ። እነዚህ ትንንሽ ይመስላሉ። ግን ብዙዎቹ ሌት ተቀን ይሠራሉ።

መጋዘኑን ሳታዩ አትመለሱ። በር ሲከፈት ምን እንደሚታይ የመንግሥት ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ሞኒተሮች። ሽፋናቸው የተነቀለ ዴስክቶፖች። ከሳጥኑ ያልወጣ፣ ለአሁኑ ማሽን የማይሆን የፕሪንተር ቀለም (ቶነር)። ያበጡ የላፕቶፕ ባትሪዎች። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል የግምገማውን መጨረሻ አይጠብቅም። ያኔውኑ ለብቻው ይለይ፤ አትጫኑት፣ አትውጉት። የቀረውን ቁጠሩ፣ ከተቻለም በሚዛን መዝኑ። በኋላ ኪሎው ይፈለጋል።

3. ኤሌክትሪኩን ለኩ፣ አትገምቱ

ዕቃው ጀርባ ላይ የተለጠፈው ዋት የሚያሳየው ከፍተኛውን ነው። በእሱ ካሰላችሁ ከእውነቱ በብዙ ትበልጣላችሁ። መለኪያውን ሶኬቱና ዕቃው መሃል ሰኩት፤ አንድ ሙሉ ሳምንት ይቆይ። ቅዳሜና እሑድ የግድ መግባት አለባቸው። ከእያንዳንዱ ሞዴል ጥቂት ብትለኩ ለቀሩት ማባዛት ይቻላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የሥራ ሰዓት 40 ቢሆን 128 ሰዓት ቢሮው ባዶ ነው። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ በዚያ ጊዜ 50 ዋት ይወስዳል እንበል። በሳምንት 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በዓመት 333 ገደማ። እንዲህ ያሉ 300 ዴስክቶፖች ካሉ ወደ 100,000 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሄደው ማንም ላልተቀመጠባቸው ወንበሮች ነው። የእናንተን ቁጥር በ50 ዋቱ ቦታ አስገቡና አስሉት። ያ አንድ መስመር ስብሰባ ላይ ሲነበብ ሰው ቀና ብሎ ያዳምጣል።

የሰርቨር ክፍሉ የራሱ ቆጣሪ ያስፈልገዋል። ሁለት ቁጥር እንፈልጋለን፤ ክፍሉ በጠቅላላ የበላውንና ሰርቨሮቹና የኔትወርክ ዕቃዎቹ ብቻ የበሉትን። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉ ባለሙያዎች ፒዩኢ የሚሉት ይወጣል። ክፍሉ በወር 30,000 ኪሎዋት ሰዓት ወስዶ ዕቃዎቹ 15,000 ቢወስዱ ውጤቱ 2 ነው። ለሥራ ከሚውለው እኩል ለማቀዝቀዣና ለሌላ ሄዷል ማለት ነው። ወደ 1 በቀረበ ቁጥር የተሻለ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ብርድ ከመታችሁ ቴርሞሜትር አውጡ። የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ወደ ሰርቨር ለሚገባ አየር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ብዙ ቦታ ግን «ሰርቨር ብርድ ይወዳል» እየተባለ ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል።

እያንዳንዱ ሰርቨር ምን እንደሚሠራና ባለቤቱ ማን እንደሆነም ጠይቁ። ሥራ የሌለው ሰርቨርም ቀላል የማይባል ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ባለቤት የጠፋለት ካገኛችሁ መጀመሪያ መረጃውን ባክአፕ አድርጉ። ለሁሉም ክፍል ደብዳቤ በትኑ። ቀን ቁረጡና ከኔትወርክ ለዩት። ለጥቂት ሳምንታት የጠየቀ ሰው ከሌለ ሰርቨሩ ይዘጋል።

ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ ካለ የነዳጅ ደረሰኝና የጥገና መዝገብ ሰብስቡ። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የማቀዝቀዣ ጋዝ ደግሞ ይብሳል። አር-410ኤ የሚባለው የተለመደ ጋዝ 1 ኪሎ ቢያመልጥ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ይቆጠራል። «ጋዝ ተሞላ» የሚል የጥገና ወረቀት ሲደጋገም የሚያፈስ ማቀዝቀዣ አለ ማለት ነው።

4. ከመሰካቱ በፊት የደረሰውን አስሉ

ላፕቶፕ ከማዕድን ማውጫ ጀምሮ እስከ ፋብሪካ ድረስ ብዙ ኃይልና ውኃ ይጠይቃል። ታዋቂ አምራቾች ለየሞዴላቸው የካርቦን መግለጫ ያወጣሉ። የሞዴሉን ስም ፈልጋችሁ አውርዱት። በአብዛኞቹ የላፕቶፕ መግለጫዎች ላይ ከጠቅላላው ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከምርቱ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ የዕቃው ዕድሜ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የአንድ ላፕቶፕ የምርት ልቀት 240 ኪሎ ነው እንበል። በ4 ዓመት ከጣላችሁት በዓመት 60 ኪሎ ይደርሰዋል። 6 ዓመት ካገለገለ 40 ይሆናል። ምንም አዲስ ቴክኖሎጂ አልተገዛም። ያለው በአግባቡ ተያዘ፣ ያ ብቻ ነው።

ባለፉት ዓመታት ከአገልግሎት የወጡትን ዝርዝር አውጡና ለምን እንደወጡ ጻፉ። «ቀርፋፋ ሆነ» የሚለው ምክንያት በጣም ይበዛል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሃርድ ዲስኩን ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ መቀየርና የሥራ ማኅደረ ትውስታውን (ራም) መጨመር ነበር። ሌላው ምክንያት ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር መስፈርቱን የማያሟሉ፣ ግን ደህና የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ከአገልግሎት የመውጣት አደጋ ላይ ወደቁ። እንዲህ ያሉትን ለይታችሁ ቁጠሩ። አንዳንዶቹ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ስርዓተ ክወና ሌላ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ።

ለሰርቨር ግን ነገሩ ይለያል። ሌት ተቀን ስለሚሠራ ኤሌክትሪኩ ሚዛን ይደፋል። በጣም ያረጁ አምስት ሰርቨሮችን በአንድ አዲስ መተካት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። በስሜት ሳይሆን በለካችሁት ቁጥር ወስኑ።

5. ከተነቀለ በኋላ የት ሄደ?

እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመረተች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት አኃዝ ነው። የቀረው የት እንደገባ በውል አይታወቅም። እውነቱን ልናገር፣ ይህ ቁጥር ዘወትር ያሳስበኛል። ገመድ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ጭሱን የሚተነፍሰው መዳብ ለቅሞ የሚያድር ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ልጅ ነው።

ከመጋዘናችሁ ባለፉት 3 ዓመታት ስንት ኪሎ ወጣ? ለማን ተሰጠ? ተረካቢው ፈቃድ አለው? መጨረሻው የት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት አለ? «በጨረታ ተሸጠ» መልስ አይሆንም። ከገዢው በኋላ ያለውን መንገድ ጠይቁ። የዩፒኤስ ባትሪዎችን በተለይ ተከታተሉ፤ አብዛኞቹ እርሳስና አሲድ አላቸው። ወደ ሌላ አገር የሚላክ ካለ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲሻገር የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የባዝል ስምምነት ይመለከተዋል። ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ አደገኛ ያልሆነው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም ቢሆን የተቀባዩን አገር ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል።

መጋዘኑ የሞላው አንዳንዴ የመረጃ ፍርሃት ስላለ ነው። «ዲስኩ ላይ የዜጎች መረጃ አለ» ይባልና ሁሉም ይቆለፍበታል። ፍርሃቱ ትክክል ነው። መፍትሔው የዲስኩን መረጃ በሚገባ አጥፍቶ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ያኔ የቀረው አካል ነፃ ይወጣል።

6. ክላውዱንና ግዥውን አትርሱ

ሰርቨር ወደ ክላውድ ሲዛወር ከእናንተ ቆጣሪ ይወርዳል እንጂ ከምድር አይጠፋም። አቅራቢውን የልቀት ሪፖርት ጠይቁ። ትልልቆቹ ለደንበኞቻቸው ያቀርባሉ። ማንም የማይከፍታቸው ድርብርብ ፋይሎችና ተረስተው የሚሠሩ የሙከራ ሲስተሞች ካሉም ጻፉ።

ከዚያ የመጨረሻዎቹን 3 የአይቲ ጨረታ ሰነዶች አንብቡ። የኃይል ቁጠባ ተጠይቋል? ኃይል ቆጣቢና ለአካባቢ የተሻለ ዕቃን የሚለዩት ኢነርጂ ስታር፣ ኢፒት ወይም ቲሲኦ ምልክቶች ነጥብ ያሰጣሉ? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? መለዋወጫ እስከ መቼ ይገኛል? አቅራቢው አሮጌውን ይረከባል? ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የሚያሸንፍበት ሰነድ ካገኛችሁ፣ የብዙ ዓመት ቆሻሻ የሚወለደው እዚያ ወረቀት ላይ እንደሆነ በሪፖርታችሁ በግልጽ ጻፉት።

7. አንድ ሠንጠረዥ ላይ አውጡት

የኤሌክትሪኩን ኪሎዋት ሰዓት በአገሩ የልቀት ማባዣ፣ ማለትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲመነጭ በሚወጣው ካርቦን፣ አባዙ። አገሩ አብዛኛውን ኃይል ከውኃ የሚያገኝ ከሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል። ያኔ የምርቱ ድርሻ ጎልቶ ይወጣል፤ አዲስ ዕቃ ከመግዛት መቆጠብም ይበልጥ ዋጋ አለው። ከድንጋይ ከሰል ከሆነ ደግሞ በሌሊት የሚበሩት ስክሪኖች ይከብዳሉ።

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን «ተለክቷል»፣ «ተሰልቷል» ወይም «ተገምቷል» የሚል ቃል ጻፉ። ግምት መኖሩ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ። ኦንላይን አገልግሎት የሰዎችን ምልልስ ቀንሶ ከሆነ እሱንም አሳዩ፣ ግን ለብቻው። ከልቀቱ ላይ ከቀነሳችሁት ጉዳቱ ይሸፈናል።

በየዓመቱ ለመከታተል አራት መለኪያ ይበቃል፦ በአንድ ሠራተኛ ስንት ኪሎዋት ሰዓት፣ የዕቃዎች አማካይ ዕድሜ፣ በሌሊት ጠፍተው የሚያድሩ ኮምፒውተሮች በመቶኛ፣ ማስረጃ ኖሮት የተወገደ ቆሻሻ በኪሎ።

ለእያንዳንዱ መለኪያ የአንድ ሰው ስምና አንድ ቀን ጻፉበት። ሶኬት ላይ የምትሰካዋን የኤሌክትሪክ መለኪያ መልሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ። የለካችኋቸው ሶኬቶች የትኞቹ እንደነበሩ በወረቀት ይዛችሁ፣ ኮምፒውተሮቹ ሰው ሳይነካቸው ሲቆዩ በራሳቸው ኃይል ቆጥበው እንዲተኙ ከተደረገ ከወር በኋላ እነዚያኑ መልሳችሁ ለኩ።