የራሳችሁ ራውተር ከፋይበር ጋር አልስማማ ሲል

ፋይበሩ ቤት ገብቷል፣ ቴክኒሻኑም ሄዷል። የተሰጣችሁን ራውተር ነቅላችሁ የራሳችሁን ሰካችሁ። ዋይፋዩ ይታያል፣ ስልካችሁም ገብቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ራውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይሮጣል። አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ጤነኛ ነው፤ አገልግሎት ሰጪው ከሱ የሚጠብቀውን መረጃ ስላልያዘ ብቻ ነው መስመሩ የማይከፈትለት።

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። ቀጭኗ የፋይበር ገመድ የምትገባበት ትንሽ ሳጥን ኦኤንቲ ይባላል። ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው እሱ ነው። በኩባንያው ሲስተም ላይ ስለተመዘገበ እንዳትነቅሉት። የእናንተ ራውተር የሚመጣው ከሱ ቀጥሎ ነው።

ኦኤንቲው ላይ ሎስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ

ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። የፋይበር ገመዷ በጣም ተጣጥፋ ወይም ከሶፋ ስር ተጨፍልቃ እንደሆነ እዩ፣ መሰኪያዋም ቀጥ ብላ እስከ መጨረሻው መግባቷን አረጋግጡ። ጫፏን በጣት አትንኩ፣ ወደ ውስጥም አትመልከቱ፤ ጨረሩ ለዓይን አይታይም እንጂ ሊጎዳ ይችላል። ቀዩ ካልጠፋ ለኩባንያው ደውሉ። የራውተር ሴቲንግ መነካካት እዚህ ምንም አይፈይድም።

የኦኤንቲው መብራት ደህና ሆኖ ራውተሩ ኢንተርኔት ካላገኘ

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። መጀመሪያ ከኦኤንቲው የሚመጣው ገመድ የገባው ራውተሩ ላይ ዋን (WAN) የሚለው ፖርት ውስጥ መሆኑን እዩ፤ ብዙ ጊዜ በቀለም ከሌሎቹ ይለያል። ከዚያ የራውተሩን የሴቲንግ ገጽ በብራውዘር ከፍታችሁ ዋን አይፒ የሚለውን፣ ማለትም ኩባንያው ለራውተሩ የሚሰጠውን አድሬስ ተመልከቱ። 0.0.0.0 ካለ ከኩባንያው ምንም አልመጣለትም።

ኩባንያው ፒፒፒኦኢ (PPPoE) የሚባለውን የመግቢያ ዘዴ የሚጠቀም ከሆነ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ማስገባት ግድ ነው። እነዚህ ብዙ ጊዜ በአሮጌው ራውተር ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ፓስዎርዱ ግን በኮከብ ምልክት ተሸፍኖ ስለሚታይ ደውሎ መጠየቁ ይቀላል። ብቻ እነዚህን በእጃችሁ ሳታስገቡ አሮጌውን ሪሴት እንዳታደርጉት! ሁሉንም ያጠፋዋል።

አስገብታችሁም እምቢ ካለ የራውተሩን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ገጽ) አንብቡ፤ ሰው የማያየው ግን ብዙ የሚናገር ቦታ ነው። ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል ከሆነ ስህተቱ ዩዘርኔሙ ወይም ፓስዎርዱ ላይ ነው። ከወዲያ ማዶ ጭራሽ መልስ ካልመጣ ደግሞ ቪላን (VLAN) ጠርጥሩ። ቪላን ኩባንያው ለኢንተርኔት መስመሩ የሚሰጠው ቁጥር ነው፣ ራውተራችሁ ይህን ቁጥር ካልለጠፈ የሚልከው ሁሉ ይጣላል። ቁጥሩ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ በግምት አይገኝም። የሚሞላበትን ቦታ ካጣችሁት አይፒቲቪ የሚለው ሜኑ ውስጥ ፈልጉት፤ ለምን እዚያ እንደሚደብቁት አይገባኝም፣ ግን በብዙ ራውተሮች ላይ እዚያ ነው።

ፒፒፒኦኢ የማይጠቀሙ ኩባንያዎች ደግሞ አንዳንዴ የአሮጌውን ራውተር ማክ አድሬስ (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ይዘው ይቆያሉ፣ አዲሱንም አይቀበሉም። ኦኤንቲውን ለጥቂት ደቂቃ አጥፉት፣ ከዚያ እሱን አስቀድማችሁ፣ ራውተሩን አስከትላችሁ አብሩ። ካልሆነ የአሮጌውን ማክ አድሬስ በአዲሱ ላይ ኮፒ የሚያደርገውን አማራጭ ተጠቀሙ።

አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ይንጠለጠላል

ፒፒፒኦኢ ላይ ከሆናችሁ ኤምቲዩን (MTU)፣ ማለትም ባንዴ የሚላከውን የዳታ ቁራሽ ወይም ፓኬት ትልቁን መጠን፣ ከ1500 ወደ 1492 ባይት አውርዱት። ፒፒፒኦኢ ከያንዳንዱ ፓኬት 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ ነው።

ፍጥነቱ 94 ሜጋቢት አካባቢ ከቆመ

የከፈላችሁበት ከዚያ በላይ ከሆነ ገመዱን ወይም ፖርቱን ጠርጥሩ። ለጊጋቢት በገመዱ ውስጥ ያሉት 8ቱም ሽቦዎች መስራት አለባቸው፤ አንዷ ከተቆረጠች መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል። ሁልጊዜ በገመድ ለኩ፣ ዋይፋይን መውቀስ ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

ኢንተርኔቱ ይሰራል፣ ጌም ወይም ካሜራ ከውጭ አይገናኝም

ዋን አይፒው በ192.168 ከጀመረ ሁለት ራውተር ተደራርቧል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኦኤንቲና ራውተር ባንድ ሳጥን ሲሆኑ ነው። ሳጥኑን ብሪጅ ሞድ ላይ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ የራውተርነት ስራውን ትቶ መስመሩን ብቻ ያሳልፋል። ካልፈቀዱ የእናንተን አክሰስ ፖይንት አድርጉት፣ ዋይፋዩን ብቻ ይሰጣችኋል። አይፒው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን ኩባንያው አንድ የውጭ አድሬስ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፣ በእናንተ በኩል የሚስተካከል ሴቲንግ የለም። የራሳችሁ የሆነ የውጭ አይፒ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ።

የቤት ስልክ ወይም ቲቪ ከጠፋ

ስልኩ በአሮጌው ራውተር ጀርባ ላይ ተሰክቶ ከነበረ አዲሱ ያንን ስራ ላይሰራ ይችላል። ቲቪውም የራሱ ቪላን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ስትደውሉ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱ ሪስታርት አድርጉት ነው የሚሆነው። የኦኤንቲው መብራት ምን እንደሚል ንገሯቸው፣ ከዚያ ፒፒፒኦኢ ነው ወይ፣ ቪላኑ ስንት ነው፣ ማክ አድሬስ ትይዛላችሁ ወይ፣ ስልክና ቲቪው በሌላ ራውተር ይሰራሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።