ውሻን ይዞ ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖር ሰው ውሻውን ይዞ ተራራ ለመውጣት መኪና አያስፈልገውም፤ ስድስት ኪሎን አልፎ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ከተጓዘ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባል። የሚኒባስ ረዳቶች ውሻ ለመጫን እምብዛም ፈቃደኞች ስላልሆኑ ጉዞው ከደጃፍ ጀምሮ በእግር ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያደርስ መንገድ ለሰውም ለውሻም ቀላል አይደለም። ሆኖም ከውሻዬ ከቡቺ ጋር ለሦስት ዓመት ስመላለስ የተረዳሁት፣ የሚያስቸግረው ተራራው ሳይሆን ተራራው ሥር እስኪደረስ ያለው አስፋልት መሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ ከግቢ መውጣት የለበትም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ ክትባቱ በየጊዜው፣ በተለምዶ በየዓመቱ፣ ይደገማል። የክትባት ካርዱን ፎቶ አንሥቶ በስልክ መያዝ፣ ውሻዎ ሰው ቢቧጭር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ቀጥሎ ማሰሪያው ይዘጋጃል። የአንገት ማሰሪያ ብቻውን አይበቃም፤ የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ እየሳበ ራሱን ያሾልካልና ደረትን ዙሪያውን የሚይዝ ማሰሪያ ያስፈልጋል። እኔ የአሮጌ ሻንጣ ማንገቻ ለጫማ ሰፊ ወስጄ በቡቺ ልክ አሰፋሁ፤ ሁለት ክረምት አልፎበት አሁንም ያገለግላል። መያዣው ገመድ ከሁለት ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ቁልፍ ሲጫኑት እየረዘመ የሚሄደውና መልሶ የሚጠቀለለው ዓይነት ግን በሽሮ ሜዳ ሕዝብ መሃል ፈጽሞ አይሆንም፤ ሸማ ሊገዙ በመጡ ሴት እግር ላይ ሲጠመጠም አይቻለሁ፣ ጠምጣሚዋም የእኔው ውሻ ነበረች።

ለመካከለኛ ውሻ አንድ ሊትር ውኃና ቀለል ያለ ጎድጓዳ ሳህን ይያዙ። ከከተማው ወንዞች ፈጽሞ አያጠጡ።

ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ጉብዝና ይመስላል፤ ነገር ግን ጅቦች ከከተማ ወደ ጫካ የሚመለሱበት ሰዓት ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ መነሣት ይሻላል። ወር በገባ በ21፣ የማርያም ዕለት፣ መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላ ሌላ ቀን ይምረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና፣ ወደ መንገድ ውሾች እንምጣ። በመጀመሪያው ሰሞን ከአንድ ሥጋ ቤት ደጅ አራት ውሾች ተነሡብን። እኔም ማንኛውም የሰፈር ልጅ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብዬ ድንጋይ ያነሣሁ መሰልሁ። አራቱም ሸሹ፤ ቡቺም አብራ ሸሸች። ከጎዳና ያነሣኋት የሐበሻ ውሻ ናትና፣ የጎነበሰ ሰው ማለት ለእርሷም የሚወረወር ድንጋይ ማለት ነበር። በዚያን ጊዜ የአንገት ማሰሪያ ብቻ ስለነበራት ራሷን አሾልካ በመኪኖች መሃል ጠፋች፤ ያገኘኋት ከቀትር በኋላ ጃን ሜዳ አጥር ሥር ተኮራምታ ስትንቀጠቀጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሻ ይዤ ጎንበስ አልልም።

የሚሠራው ዘዴ ቀድሞ ማየት ነው። የመንገድ ውሾች የሚሰበሰቡት በሥጋ ቤት ደጅና በቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ ስለሆነ፣ እነርሱ ሳያዩዎት ሃምሳ እርምጃ ሲቀር ወደ ማዶ ይሻገሩ። ቀድመው ካዩዎት አይሩጡ፣ ገመዱንም ወጥረው አይያዙ፤ የተወጠረ ገመድ የራስዎን ውሻ ለጠብ ያነሣሣዋል። ውሻዎን ከኋላዎ አድርገው፣ በመካከል ቆመው፣ ድምፅዎን ሳያሳንሱ «ዞር በል!» ይበሉ፤ ከዚያም ፊትዎን ሳያዞሩባቸው ቀስ ብለው ይራመዱ። ብዙዎቹ የሚጠብቁት የራሳቸውን ደጃፍ ነውና ሁለት ሦስት ቤት ሲያልፉ ጩኸታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በትር መያዝ አይከፋም፤ ነገር ግን መሬት ለመምታት እንጂ ውሻ ለመምታት አይሁን። ዳቦ መወርወርን የሚመክሩ አሉ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት የነበሩት ስድስት ሆኑ።

ውሻ ከነከሰዎ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥበው፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላልና፣ ጸበልም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት የሚሹ ቢሆኑ እንኳ ክትባቱ እስከ ነገ አይቆይ።

ሽሮ ሜዳን ካለፉ በኋላ ያለው ጉዞ ደስታ ነው። በጠባቡ መንገድ ግን የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አግድም የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፣ ጎንበስ ስለሚሉም ውሻውን የሚያዩት አጠገባቸው ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ወደ ዳገቱ ጎን ወጥተው ውሻዎን ያስቀምጡና «እለፉ እናቴ፣ ይዣታለሁ» ይበሉ። «ትነክሳለች?» መባሉ አይቀርም። የእርስዎ ውሻ ጨዋ መሆኗ እዚህ ላይ ምንም አይለውጥም፤ ያን ሸክም ይዞ የሚደነግጥ ሰው ይወድቃል።

ባሕር ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ደረቅ ቅጠሉ ያንሸራትታል፣ ጠንካራ ፍሬውም በውሻ ጣቶች መካከል ይሰነቀራል። ውሻው በድንገት ካነከሰ መጀመሪያ የሚታየው መዳፉ ነው። ምላሱ ሰፍቶ ማለክለኩ ካላባራ ጥላ ሥር አሳርፈው ሆዱንና መዳፉን በውኃ ያርጥቡ። ወደ እንጦጦ ማርያም ቅጽር ውሻ አይገባምና፣ መሳለም የሚፈልግ ሰው ውሻውን የሚይዝለት ባልንጀራ ይዞ ይውጣ።

ቤት ሲደርሱ ከጆሮው ሥር፣ ከብብቱና ከጣቶቹ መካከል መዥገር ይፈልጉ። ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው አስጠግተው ይዘው ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ነጭ ጋዝ አይቀቡ፣ በክብሪትም አያቃጥሉ።