ለረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ምትክ ባትሪ እንዴት ይመረጣል?

አዲሱን ባትሪ በገጠምኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረጅም መንገድ ላይ ሳለሁ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይሸተኝ ጀመር። መጀመሪያ ከመንገዱ ዳር የመጣ መስሎኝ ዝም ብዬ ነዳሁ። ሽታው ግን ተከተለኝ። ቆሜ መቀመጫውን ሳነሳ ባትሪው ግራና ቀኙ ተነፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ተቀርቅሯል፤ እጄን ሳስጠጋው ይፋጃል። ቀዝቅዞ እስኪወጣልኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ማስነሳት አልቻለም።

ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም። ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል የሚመጥነው ሬጉሌተር ተበላሽቶ ከ16 ቮልት በላይ ይለቅ ነበር። አሮጌውን ባትሪ የገደለው ይኸው ብልሽት ነው፤ አዲሱንም ደገመው። ሻጩ እንለካ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ሞተር ሳይክሉን እለካለሁ፤ እርስዎም ከዚያው እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

1. ባትሪው በእርግጥ መሞቱን ያረጋግጡ

የሚያስፈልገው ቁጥር የሚያሳይ መልቲሜትር ብቻ ነው። ርካሹም ይበቃል። አምፖል ያለው ተራ መሞከሪያ ግን አይሆንም፤ 12.2 ቮልትና 12.7 ቮልት ለእሱ አንድ ናቸው፣ ለባትሪው ግን የግማሽና የሙሉ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ልኬት ጠዋት፣ ሞተር ሳይክሉ ሳይነሳ አድሮ ነው። ጤነኛና ሙሉ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። 12.2 ከሆነ በግማሽ ጎድሏል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ዝቅ ካለ ወዲያው አይፍረዱበት። በቻርጀር ሞልተው ያሳድሩትና እንደገና ይለኩ። ሞልቶ አድሮ ከ12.4 በታች ከወረደ ደክሟል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭነው ሞተሪኖው ሲዞር ያለው ቮልት ነው። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ከ9.5 በታች ከወደቀ ጉልበቱ አልቋል።

ሦስተኛው እኔ የዘለልኩት ነው። ሞተሩን አስነስተው ጋዙን ወደ 4,000 ዙር ገደማ ከፍ ያድርጉና በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይለኩ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ከ13.5 እስከ 14.5 መካከል መሆን አለበት፤ ትክክለኛው ገደብ በሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። ከ15 በላይ ካነበቡ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ጋዝ ሲሰጡት ከ12.5 ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ባትሪው ከናካቴው እየተሞላ አይደለም፤ ዲናሞው፣ ሬጉሌተሩ ወይም በመካከላቸው ያለው የገመድ መገጣጠሚያ ይፈተሽ። በሁለቱም ሁኔታ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ቡሎኖቹም ከላሉ፣ ከመለካትዎ በፊት ያጽዱና ያጥብቁ። በዚህ ብቻ ችግሩ የሚፈታበት ጊዜ አለ።

አንድ ሌላ ስውር ጠላት ደግሞ ቁልፉ ተዘግቶም ኃይል የሚጠጣ ዕቃ ነው፤ የስርቆት ማንቂያ፣ መከታተያ፣ በስህተት በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተያያዘ የስልክ መሙያ። 20 ሚሊአምፔር ብቻ የሚስብ ዕቃ በቀን ግማሽ አምፔር-ሰዓት ያህል ይወስዳል። የ12 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ግማሹን ያጣል። ሞተር ሳይክልዎ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተው መልቲሜትሩን በአምፔር መለኪያው በኩል በገመዱና በባትሪው መካከል አስገብተው ይለኩት። በዚህ ጊዜ ቁልፉን አይክፈቱ፣ ማስነሻውንም አይንኩ፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

2. መጠኑንና የጫፎቹን አቅጣጫ ይያዙ

የአሮጌውን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሚሊሜትር ይለኩ። ትንሽ የሚያንሰውን በስፖንጅ ማጥበቅ ይቻላል፤ የሚበልጠው አይገባም። በተለይ ቁመቱን ይጠንቀቁ፤ የፖዘቲቩ ጫፍ ከመቀመጫው ስር ካለው ብረት ጋር ከተነካካ እሳት ይነሳል።

ከዚያ አቅጣጫው። የባትሪውን ጫፎች ወደ እርስዎ አዙረው ያስቀምጡና ፖዘቲቩ በቀኝ ነው በግራ ብለው ይመልከቱ። በመለያ ቁጥሮቹ ላይ አንዲት ፊደል ይህን ትለውጣለች። ዋይቲኤክስ20-ቢኤስ እና ዋይቲኤክስ20ኤል-ቢኤስ በመጠን አንድ ናቸው፤ «ኤል» ያለበት ግን ፖዘቲቩ በቀኝ ነው። ገመዱ ቢደርስም እንኳ አጣምመው አይግጠሙ። የተወጠረ ገመድ በመንገዱ ንዝረት ልባሱ ይላጫል፤ ተሳስተው ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ካለዋወጡት ደግሞ ዋናው ፊውዝ፣ ከዚያም ሬጉሌተሩ ሊሄድ ይችላል። ስልክ ካለዎት አሮጌው ሳይወጣ ፎቶ ያንሱት።

3. ቁጥሮቹን ለጉዞዎ ያንብቡ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ።

ባትሪው ላይ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉ። አምፔር-ሰዓት የተጠራቀመውን መጠን ይናገራል። የሞተር ሳይክል ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ10 ሰዓት ነው፤ 12 አምፔር-ሰዓት ማለት 1.2 አምፔር ለ10 ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። አንዳንዱ አምራች በ20 ሰዓት የተለካውን ከፍ ያለ ቁጥር ያትማል፤ ስለዚህ ሁለት ባትሪ ሲያነጻጽሩ በስንት ሰዓት እንደተለካ ይዩ። ሁለተኛው ቁጥር ሲሲኤ የሚባለው፣ በብርድ የማስነሳት ጉልበት ነው። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ30 ሰከንድ፣ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ የሚሰጠው አምፔር ማለት ነው። የመጀመሪያው የጋኑ ስፋት ነው፤ ሁለተኛው የአፉ። ትልቅ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ሰፊ አፍ ይፈልጋል።

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ግን ጋኑንም ማሰብ አለበት። በእጅ መያዣ ላይ ያለ ማሞቂያ ከ30 እስከ 40 ዋት ይወስዳል፣ የሚሞቅ ሰደርያ ወደ 80፣ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች 40። ድምሩ 160 ዋት ነው፤ በ13.8 ቮልት ሲካፈል 11.6 አምፔር ያህል ይሆናል። እየነዱ ሳሉ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዲናሞው ነው። ዲናሞው ካልቻለ የትኛውም ትልቅ ባትሪ አይታደግም፤ መሟጠጡን ያዘገየዋል እንጂ። ስለዚህ «ብዙ ዕቃ ስለጨመርኩ ትልቅ ባትሪ ልግዛ» የሚለው ሐሳብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። በመጀመሪያ የዲናሞውን ዋት ከመመሪያ መጽሐፉ አይተው፣ ሞተር ሳይክሉ ራሱ ለማቀጣጠያ፣ ለነዳጅ ፓምፕና ለፊት መብራት የሚወስደውን ቀንሰው፣ በተረፈው ውስጥ ይቆዩ።

ባትሪው ብቻውን የሚሠራው ሞተሩ ሲጠፋ ነው፤ ሞተሩ ተነስቶ ቀስ ብሎ ሲዞርም በከፊል ይረዳል፤ ዲናሞው በዝቅተኛ ዙር ጥቂት ብቻ ያመነጫልና። ማታ ድንኳን ሲተክሉ ሁለቱን መብራቶች ለግማሽ ሰዓት አበሩ እንበል። 40 ዋት በ12 ቮልት 3.3 አምፔር ነው፤ በግማሽ ሰዓት 1.7 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ከ12 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ላይ ይህ ትንሽ ነው፣ ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል።

አሁን ሊቲየምን እናምጣ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ቀላል ነው፤ አራት ኪሎ የሚመዝነውን የሊድ ባትሪ አንድ ኪሎ ገደማ በሆነ ይተካል። የማስነሻ ጉልበቱም ያስደንቃል። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን «12 አምፔር-ሰዓት» ከስሩ ካለው ትንሽ ጽሑፍ ጋር ያስተያዩት። ብዙ ጊዜ ያ ትልቅ ቁጥር ‹ሊድ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባትሪ ይተካ ነበር› ማለት ነው፤ እውነተኛው መጠን 4 አምፔር-ሰዓት ሊሆን ይችላል። ያቺ የግማሽ ሰዓት መብራት ከ4 ላይ 40 በመቶውን ትበላለች። የሊቲየሙ አፍ ሰፊ፣ ጋኑ ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ውስጣቸው ባለ መቆጣጠሪያ ሲጎድሉ ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ አሁን ይሠራ የነበረው ባትሪ በድንገት ዝም ይላል።

ሊቲየም ከመረጡ ልታውቋቸው ከሚገቡ ነገሮች አንዱ የቮልቱ ንባብ መለየቱ ነው። ሙሉው አርፎ ወደ 13.3 ያሳያል፤ በሊድ ሙሉ የምንለው 12.8 ለእሱ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ከ14.6 በላይ ሲሞላ ይጎዳል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ልኬት የግድ ነው። ቻርጀሩም ለእሱ የተሠራ ይሁን። በብርድ ጠዋት መጀመሪያ ይለግማል፤ የፊት መብራቱን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አብርተው ሲያሞቁት ይነቃል።

ፍርዴ ግልጽ ነው። ሳጥንና ሻንጣ ተጭኖበት ከ250 ኪሎ በላይ በሚመዝን ሞተር ሳይክል ላይ ሦስት ኪሎ መቀነስ ማንም አይሰማውም፤ ኃይል ሲያጥር መጠባበቂያ መኖሩ ግን ይሰማል። ለረጅም ጉዞ ኤጂኤም የሚባለውን የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ እመርጣለሁ። አሲዱ በመስታወት ጥጥ ተይዞ ስለሚቀመጥ ንዝረትን ይችላል፣ ቢጋደም አይፈስም፣ ውሃ አይጨመርበትም። ክዳኑ የሚከፈተውን፣ የተጣራ ውሃ የሚጠጣውን የቀድሞ ዓይነት የምመክረው ሞተር ሳይክሉ ለእሱ ከተሠራና በየወሩ አይቶ የሚሞላ ትዕግሥተኛ ባለቤት ካለው ነው። እሱም የአሲድ ትነት ማስወጫ ቱቦው ከሰንሰለቱ ርቆ ወደ ታች መውረዱን ማየት አለበት።

4. ሲገዙ

መልቲሜትርዎን ይዘው ይሂዱ። ተሞልቶ የታሸገ ኤጂኤም ከ12.5 በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል፤ ሌላ ይጠይቁ። የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ። በመጠንም በቁጥርም አንድ ከሆኑ ሁለት የሊድ ባትሪዎች ከባዱን ይውሰዱ፤ ክብደቱ ሊድ ነው፣ ሊዱም ጉልበቱ ነው።

አሲዱ በተለየ ጠርሙስ የሚመጣ ከሆነ (በመለያው ላይ ያለው «ቢኤስ» ይህን ይናገራል) ጓንትና መነጽር አድርገው ይሙሉት፣ አረፋው እስኪበርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ ከመግጠምዎ በፊት ቻርጅ ያድርጉት። የአምፔር-ሰዓቱ አንድ አሥረኛ ትክክለኛው ፍጥነት ነው፤ ለ12 አምፔር-ሰዓት 1.2 አምፔር። ለመኪና የተሠራ ትልቅ ቻርጀር አይጠቀሙ። ክዳኑ አንዴ ከተዘጋ በኋላ አይከፈትም። መንገድ ላይ ይሞላል ብሎ በግማሹ መግጠም አዲስ ባትሪ በለጋነቱ እንዲያረጅ ያደርጋል፤ ይህን አቋራጭ ማንም ቢነግርዎ አይስሙ።

5. መግጠም

ሲፈቱ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ሲገጥሙ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ምክንያቱም ኔጌቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን የያዘው መፍቻ የሞተር ሳይክሉን ብረት ከነካ ብልጭታው ቡሎኑን ያቀልጣል።

በብዙ ባትሪዎች ጫፍ ውስጥ ያለችው አራት ማዕዘን ዳዶ ቡሎኑ ሳይነክሳት ወደ ታች ትወርዳለች፤ ሰው ግማሽ ሰዓት የሚታገለው ከእሷ ጋር ነው። ከዳዶዋ ስር ትንሽ የስፖንጅ ወይም የጎማ ቁራጭ ይወትፉ። ወደ ላይ ገፍቶ ይይዛታል፣ ቡሎኑም ወዲያው ይነክሳል። በእጅ እስኪጠና አጥብቀው በመፍቻ ጥቂት ይጨምሩ፤ ሊዱ ለስላሳ ስለሆነ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይቀደዳል።

ባትሪውን በማሰሪያው አጥብቀው ይሰሩት፤ የሚንቀሳቀስ ባትሪ በንዝረት ውስጡ ይሰበራል። ሞተሩን አስነስተው ሦስተኛውን ልኬት እንደገና ይውሰዱ። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ተመልሰው ሞተር ሳይክሉ ካደረ በኋላ ጠዋት ቮልቱን ይለኩና ከቀኑ ጋር ባትሪው ጎን ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉት። የእኔ 12.8 ይላል፤ በየጉዞው መጀመሪያ መቀመጫውን አንስቼ ከዚያ ቁጥር ጋር አስተያየዋለሁ።